የእናቴ ተረከዝ

ትናንት ሌሊት የልጄ ቀዝቃዛ ጣቶች እግሬን ሲዳብሱኝ ነቃሁና ደሜ ፈላ። የአባቴ እህት አዳዳ ከአኖ መጥታ እኛ ጋ ሰንብታለች፤ ልጄን የምታስተኛትም እሷ ናት።

ነቀምቴ ሳድግ እኔንም የምታስተኛኝ እሷ ነበረች። መብራቱን ከማጥፋቷ በፊት፣ «ዛሬ ጌታ ቢመጣ እናትሽን ይወስዳል፤ ዋሽተሽ ከተኛሽ አንቺ ትቀሪያለሽ» ትለኛለች። ጭልፊት ጫጩት ስትነጥቅ አይቻለሁ፤ እንደዚያ መሰለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ በጨለማ እየዳኸሁ ሄጄ ቫዝሊን ቫዝሊን የሚሸተውን የእናቴን ንቃቃታም ተረከዝ እዳብሳለሁ። አለች፤ አልተወሰደችም። እመለሳለሁ። ደግሞ እሄዳለሁ።

ዛሬ ጠዋት አዳዳ ፈገግ ብላ፣ «አከም ቡልተን? እንዴት አደራችሁ?» አለችኝ።

«አልተኛንም አዳዳ! እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ፣ ልጄ ደግሞ አንቺ ከመጣሽ ወዲህ።»