አምስት ጊዜ ጠግቦ

ባለፈው ሳምንት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ኮምቦልቻ እኔ ቤት መጣች። ልጄ ዘሃራ እኔው ጋ ነው የታረሰችው፤ ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ሠራተኛዋ ልጅ እግር ናት፣ አነጋገሯ ግን የቃዲ ነው። እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ምንም እንዳትሰጡት፤ ውሃም የለም፣ አብሽም የለም፣ ቅቤም የለም እያለች ስታስጠነቅቀን ቆየችና ዓይኗ መደርደሪያዬ ላይ አረፈ። እዚያ ላይ ዳር ዳሩ የዛገ አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አለ። የዐረብኛ ጽሑፉ ተፍቆ አልቋል፤ የሚስቅ የሕፃን ሥዕል ብቻ ቀርቶበታል።

"እማማ፣ የቆርቆሮ ወተት ትሰጡታላችሁ እንዴ?" አለችኝ ፊቷን ቅጭም አድርጋ።

እማማ ያለችኝን ዋጥ አድርጌ ክዳኑን ከፈትኩላት። ያለበት ጥቁር አዝሙድ ነው። ሳቀችና ወረቀቷን ሰብስባ ሄደች። ዘሃራ ግን አልሳቀችም። ልጇን እንዳቀፈች ቆርቆሮውን አተኩራ አየችው። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ መጀመሪያ እናቴ ቤት፣ እናቴ ስትሞት ደግሞ እኔ ቤት አብሯት የኖረ ዕቃ ነው፤ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

"ስንት ዓመቱ ነው?" አለችኝ።

"ካንቺ በጥቂት ወር ያንሳል" አልኳትና ጓዳ ገባሁ። ነገሩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቆርቆሮውን ለሰጠችኝ ሴትዮ ያለኝ ንቀት ግን አንድ ቀን እንኳ አላረጀም።

ቤይሩት ስገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጦርነታቸው ካበቃ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ዘሃራ አምስት ወሯ ነበር። አባቷ ጅቡቲ ደርሼ ልምጣ ብሎ የቀረ ሰው ነው፤ እሱን ለመናቅ እንኳ ጊዜ የለኝም። የላከኝ ደላላ "ልጅ አለኝ ብለሽ እንዳትሳሳቺ፤ የወለደች ልቧ ቤቷ ነው ይላሉ፤ አይወስዱሽም" አለኝ። እሱ ራሱ የአራት ልጆች አባት ነበር፤ የሱ ልብ የት እንደነበረ አላህ ይወቀው። ልጄን ለእናቴ ሰጥቼ፣ ጡቴን በመቀነት ጥፍር አድርጌ አስሬ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ያን ቀን ለልጄ እውነት ሆነ።

የገባሁበት ቤት ሐምራ የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ወሩ ጥር ነው። የኛ ጥር ፀሐይና አውድማ ነው፤ የነሱ ጥር ግን ዝናቡ ከባሕር እየተነሳ መስኮት የሚደበድብበት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር በየሱቁ ደጃፍ ጄኔሬተር ያጓራል። ናፍጣው፣ እርጥቡ አስፋልት፣ ከታች ካለው ዳቦ ቤት የሚወጣው ዛተር የሚሉት ቅመም የተነሰነሰበት ትኩስ ቂጣ፣ ይህ ሁሉ ተደባልቆ እስከ ኩሽናዬ ይመጣ ነበር። ከሁሉ ያ ቂጣ አንጀቴን ይበላው ነበር፤ ለኔ የሚደርሰኝ የትናንቱ ነው።

ማዳሜ ከወለደች አስር ቀኗ ነበር። ሰሎኑ በጠያቂ ይሞላል፤ እኔ መግሊ አማስላለሁ። መግሊ ልጅ ሲወለድ የሚሠሩት ከሩዝ ዱቄትና ከቅመም የሚማሰል ቡናማ ጣፋጭ ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ከእሳቱ ንቅንቅ አይባልም፤ ላዩ ላይ ለውዝና ኮኮናት ይነሰነሳል። ለአራሷ ጡት ወተት ያመጣል ይላሉ። የሚበሉት ጠያቂዎቹ ናቸው። አራሷማ ወተቷን በኪኒን አድርቃ ነበር የጠበቀችኝ። አንዷ ጓደኛዋ ለምን አታጠቢውም ብትላት "እኔ ላም ነኝ?" ብላ ሳቀች፤ ሰሎኑም አብሮ ሳቀ። እኔ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ላም መች ጥጃዋን ትጠየፋለች ልላት ፈልጌ ነበር፤ ዐረብኛዬ ያኔ እዚያ አልደረሰም።

ልጁ ካሪም ይባላል። የመጀመሪያውን የቆርቆሮ ወተት አስመለሰው። ሁለተኛው አስቀመጠው። ሦስተኛው ገላውን ሽፍታ በሽፍታ አደረገው። ሐኪሙ በመጣ ቁጥር ሌላ ቆርቆሮ ይጽፋል፤ ሽቶው እሱ ከሄደ በኋላ ግማሽ ቀን ኮሪደሩ ላይ ይቆያል፤ የሰውየው ጥቅም ይኸው ነበር። ቁም ሳጥኑ ልጁ በተፋው ወተት ተሞላ። በመካከሉ ያንሱን ይሰጡታል፤ በስኳር የፈላ የእንስላል ውሃ የሚመስል ነገር ነው። የልጁ ቆዳ ጭኑ ላይ ተጨማደደ። ሁሉም ያዩታል፤ ሁሉም ሀራም፣ ሚስኪን እያሉ ያዝናሉ፤ ከዚያ ቡናቸውን ይጠጣሉ።

አሁን ወደ ሐጃ ልምጣ። የማዳሜ ባል የሚስተሬ እናት ናት፤ እዚያው ቤት ነበር የምትኖረው። ዕድሜዋ የአያቴ ዕድሜ ነውና አንቱ መባል ይገባት ነበር። በዐረብኛ አንቺ ነበር የምላት፤ አሁንም በአማርኛ ከፍ አላደርጋትም፤ የሚከፋው ይከፋው።

አንድ ከሰዓት በኋላ መግሊውን እያማሰልኩ ካሪም ከክፍሉ አለቀሰ። ድምፁ ከመድከሙ የተነሳ የድመት ግልገል ይመስል ነበር። ጡቴ ተወጠረና ወተቱ መቀነቱን አልፎ ሰማያዊው የሥራ ቀሚሴ ላይ ሁለት ክብ ሆኖ ወጣ። ዞር ስል ሐጃ በሩ ላይ ቆማለች።

"ወልደሻል" አለችኝ። መጠየቋ አልነበረም።

"በአላህ፣ ወደ መክተብ አትመልሺኝ" አልኳት። መክተብ ያስመጣኝ ቢሮ ነው፤ ከዚያ የሚቀጥለው አውሮፕላን ነው።

"ወተትሽ ደህና ነው? በሽታ የለብሽም?"

"የለብኝም።"

"ከወለድሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"

"አምስት ወሬ። ሴት ናት።"

ስሟ ማን ነው አላለችም። ማን ጋ ትተሻት መጣሽ አላለችም። ላም ገበያ ላይ የሚጠየቀውን ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

ያላ ብላ ክፍሏ አስገባችኝ፤ በሩን ቆለፈች። ጡቴን በሳሙና አሳጠበችኝና ወለሉ ላይ አስቀምጣ ልጁን ሰጠችኝ። ለማዳሜም ለሚስተሬም ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቀችኝ። ካሪም ጡቱን ያዘና ጎተተ፤ ሲውጥ ጉሮሮው ይሰማ ነበር። ገና ሰውነቱ መላላት ሲጀምር ግን ሐጃ ትንሿን ጣቷን በአፉ ጥግ አስገብታ መነጨቀችው። "ኸላስ፣ ይበቃዋል" አለች። ልጁ አፉን እንደከፈተ ጮኸ፤ ያንሱኑን ጡጦ ወተፈችበት። በማግስቱም እንዲሁ። ልክ ሊጠግብ ሲል ያቺ ጣት ትመጣለች።

መጀመሪያ ለሆዱ አስባ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ገባኝ፤ እኔ የወሎ እስላም ልጅ አይደለሁ? ሐይቅ አጠገብ መንደራችን ውስጥ ዳስ የተጣለለት ሰርግ ሲፈርስ አይቻለሁ፤ አንዲት አሮጊት መጥተው ሙሽሪትንም ሙሽራውንም አጥብቻቸዋለሁ ብለው ስለመሰከሩ። በሸሪዓችን አምስት ጊዜ ጠግቦ የጠባ ልጅ የጡት ልጅሽ ነው። ልጅሽ እህቱ ናት። ሲያድግ እናቴ ይልሻል፤ ማንም አይፍቀውም። ሐጃም የምታውቀው ይህንኑ ነው። ወተቴን ፈለገች፣ ዝምድናዬን ግን አልፈለገችም። ከየትም የመጣችን የቤት ሠራተኛ ሲሪላንኪያ ነበር የሚሏት፤ የልጅ ልጇ የሲሪላንኪያ ልጅ እንዳይባል ሕፃኑን በረሃብ ትመጥነው ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ይቺ እርጉዟን አግብታ ሚስቴ አይደለችም የምትል ናት። በአንድ እጇ ተስቢህ ትቆጥራለች፣ በሌላው እጇ ጡት ትነጥቃለች። አላህን በትንሽ ጣቷ ላታልል ብላ የተነሳች ሰው ከሷ ሌላ አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሶላት ስትቆም ሐጃ ቶሎ አትጨርስም። ማዳሜ በዚያ ሰዓት ወይ ፀጉር ቤት ናት ወይ ተኝታለች። በአራተኛው ቀን ካሪምን ይዤ ከኩሽናው ጀርባ ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባሁና በሽንኩርቱ ጆንያና በማሽኑ መካከል ተቀመጥኩ። አጠባሁት። ማንም አልነጠቀውም። የጠገበ ሕፃን ራሱ ነው የሚለቀው፤ ግንባሩን ያልበዋል፣ የጨበጠው እጁ ይፈታል፣ ከከንፈሩ ጥግ ትንሽ ወተት ትወርዳለች። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ሲተኛ አይቼው አላውቅም። ልጁ አሳዝኖኝ ነው ያደረግኩት። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ጊዜ እንዲሁ። በአራተኛው ዓይኔን ጨፍኜ ዘሃራ ናት አልኩ፤ ስገልጥ አልነበረችም። አምስተኛው ግን፣ አልዋሽም፣ ለልጁ ብዬ አልነበረም፤ ለሐጃ ነው። እልህ ይዞኝ ነበር። ሲጠግብና ሲለቀኝ "ኸላስ፣ የኔ ነህ፤ አሁን ጣቷን ትጥባ" አልኩት በአማርኛ።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ተውኩት። በወሩ ልጁ ጉንጭ አወጣ። ሐኪሙ መጥቶ መዘነውና አራተኛውን ቆርቆሮ አመሰገነ። ማዳሜ "መርሲ ዶክተር" አለች። ሚስተሬ አንድ ካርቶን ባቅላዋ ገዝቶ አሸከመው። ሐጃ ደግሞ ያዳነችው በያንሱንና በጣቷ እንደሆነ ታምን ነበር። እኔ የሐኪሙን ካርቶን እስከ መኪናው ድረስ ተሸከምኩለት።

ልጁ ከበረታ ወዲያ ለሐጃ አደጋዋ እኔ ነበርኩ። ሀደት የሚባል ሰፈር ያለች እህቷ ሠራተኛ ፈልጋ ነበርና ወደዚያ ልትሰደኝ ቆረጠች። በሄድኩበት ቀን ጠዋት ክፍሏ ጠርታ በሩን ቆለፈች። ካሪም አልጋው ላይ ተጋድሞ እግሩን ያወራጫል።

"ከኔ ፊት ውጪ አጥብተሽው ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"አንድ ጊዜ እንኳ ጠግቦ ያውቃል? ያኒ፣ ራሱ እስኪለቅ?"

ያውቃል ብል መክተብ፣ ከዚያ ቦሌ፣ ከዚያ ባዶ እጄን እናቴ ደጅ ነኝ። አያውቅም ብል ሀደት።

"ወላሂ በይ" አለችኝ።

ካሪም ድምፄን ሲሰማ አንገቱን ወደኔ ያዞር ነበር፤ ያን ጊዜም አዞረ። "ወላሂ፣ አንድም ቀን አልጠገበም" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ይቺን ሴትዮ ስንት ጊዜ እንደናቅኳት ተናግሬ አልጨርስም፤ ያን ቀን ግን እሷና እኔ እኩል ሆንን። እሷ ጣቷን ላከች፣ እኔ አምላኬን ጠራሁ። የኔው ሳይብስ አይቀርም።

ሐጃ ደስ አላት። ቁም ሳጥኑን ከፍታ ልጁ እምቢ ካላቸው ወተቶች ያልተከፈቱ አራት ቆርቆሮዎች አውጥታ ሰጠችኝ። "ለልጅሽ ላኪላት" አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅሽ ያለችኝ ያኔ ነው። "መርሲ፣ ሐጃ" አልኳትና እጇን ሳምኩ። እሷ አላስገደደችኝም፤ ራሴ ጎንበስ ብዬ ነው የሳምኩት።

ሀደት የሄድኩት ከሰው ጋር ተጋፍቼ በሰርቪስ ታክሲ ነው፤ ቆርቆሮዎቹን ጭኔ ላይ ይዤ። በየመንገዱ ዳር ብርቱካን ተከምሯል። ጡቴ በዐስር ሶላት ሰዓት ተወጠረ፤ ሰዓቱን ያውቃል። በሁለት ሳምንት ደረቀ። ቆርቆሮዎቹን አገር ለምትገባ ልጅ አስይዤ ሰደድኩ። እናቴ ጽሑፉን ሸህ ዘንድ ወስዳ አስነበበችና፣ ቶሎ እንዳያልቅ በማለት ከተባለው ግማሹን እያደረገች በጠበጠችላት። የሐጃ የልጅ ልጅ የዘሃራን ወተት ጠጣ፤ ዘሃራ እሱ የተፋውን። ከአራት ዓመት በኋላ ስመለስ ልጄ እናቴን እማ፣ እኔን እትዬ አለችኝ። ለመሐላው ሦስት ቀን ጹሚ ተብዬ ጾምኩ። አላህ ምሮኝ ይሆናል፤ እሱ ከኔ የተሻለ ሆድ አለው።

ዛሬ ጠዋት ለዘሃራ ሁሉንም ነገርኳት። ቆርቆሮውንም፣ የሐጃን ጣትም፣ መሐላውንም። ልጇን እያጠባች ነበር የሰማችኝ።

"ታዲያ ወንድም አለኝ ማለት ነው" አለችኝ ስጨርስ።

"አለሽ። ካሪም ይባላል።"

"በእውነት ጠግቦ ነበር?"

"ወላሂ ጠግቧል" አልኳት። ያቺን ቃል ለሠላሳ ዓመት አጣምሜ ይዣት ነበር፤ ዛሬ ስትቃና ደረቴ ቀለል አለኝ። ሐጃ በሕይወት ብትኖር እዚያው ፊቷ ብዬው በነበር እያልኩ ትንሽ ልኮራ ሁሉ ቃጣኝ።

ሕፃኑ ጡቱን ለቀቀ። ግንባሩን አልቦታል። ዘሃራ ከንፈሩን ጠረገችለትና ቀና ብላ አየችኝ።

"እኔስ?" አለችኝ። "እኔ ጠግቤ አውቃለሁ?"

ለዚህኛው የምምለው የለኝም። አጠገቧ አልነበርኩማ።