ዛሬስ የት ደረሰች?

ሚስቴ ሙሉጎጃም ክረምቱ ሳይወጣ ቁይ፣ እናቷ ቤት ሞተች። እኔ ደብረ ማርቆስ ነበርኩ፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበርና ቀብሯ ላይ አልቆምኩም።

ልጃችን ማህደር አምስት ዓመቷ ነው። ለእርሷ እናቷ አንድ ቀን ጠዋት አውቶቡስ ላይ ሆና በመስኮት እጇን አውለብልባ የሄደች ሴት ናት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእኔ በቀር ሊነግራት የሚገባ ሰው አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነገርኳት። የነገርኳትን ያገኘሁት ከልጅነቴ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ይጁቤ ነበር። ከአጥራችን ለጥቆ የኔታ ላቀው የሚባሉ ሽማግሌ መምህር ነበሩ። ቀን ፊደል ያስቆጥሩናል። ማታ ደግሞ፣ ከብቱ ገብቶ የየቤቱ በር ሲቀረቀር፣ የሰፈሩ ልጆች በአጥሩ ሽንቁር እየሾለክን ወደ ጎጇቸው እንገባለን። ያኔ ሰፈራችን መብራት አልገባም ነበር፤ የኔታ ምሰሶው ላይ የሚያንጠለጥሏት አንዲት ኩራዝ ነበረቻቸው፣ ጥላሸቷ ምሰሶውን እስከ ጣራው ድረስ አጥቁሮት፤ ከምድጃው የሚወጣው የኩበት ጢስ ደግሞ መውጫ አጥቶ ከራሳችን በላይ ይንሳፈፋል፣ እኛም ዓይናችን እንዳይቃጠል መሬት ላይ በደረታችን ተኝተን ፍሙን እያየን እንሰማለን።

የኔታ በወጣትነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው ቅኔ ፍለጋ አገሩን በእግራቸው የዞሩ ሰው ነበሩ። እንደ ሌሎች ሽማግሌዎች ስለ ጦጣና ስለ ጅብ አይተርቱም። የእርሳቸው ተረት ሁልጊዜ ስለ አንድ ተማሪ ነው። ተማሪው ስም የለውም። ይነሳል፣ ይሄዳል፣ አንድ ጉድ የሆነ ቦታ ይደርሳል። አንድ ማታ ላሊበላ ይደርስና ቤተ ክርስቲያኑን ሽቅብ ሲፈልግ እግሩ ሥር አግኝቶት ሊወድቅበት ምንም አይቀረውም። ሌላ ማታ ደብረ ዳሞ ይደርሳል፤ ተራራው መውጫ የለውም፤ ከላይ የጠፍር ገመድ ይጣልለታል፤ እኛም እዚያው እንደተኛን እጃችንን ጨብጠን አብረን እንወጣለን። መርጡለ ማርያም ሄዶ የጥንቱ ግንብ ላይ የተፈለፈለውን አበባ በጣቱ ይዳስሳል። ጮቄ ላይ ወጥቶ ከአንድ ተራራ የሚወርደውን ምንጭ ሁሉ ሲቆጥር ይመሽበታል።

ጢስ አባይ የደረሰ ዕለት ግን የኔታ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ነበር።

«ተማሪው ርቦታል። ከሩቅ ጢስ ያያል። ‹ጢስ ካለ ምድጃ አለ፣ ምድጃ ካለ እራት አለ› ብሎ ይሮጣል። ሲደርስ ውኃ ነው፤ ከገደል የሚወርድ ውኃ። ደበሎው በስብሶ፣ ጦሙን አደረ። ጠዋት ተነስቶ ‹ጢስ አባይ!› አለው። በሉ፣ ወርቁ የት አለ?»

«የቦታው ስም ነው፣ የኔታ» አልኩ እኔ።

«እሱማ ሰሙ ነው፣ አንተ ሰም ራስ! ወርቁን ነው ያልኩት።»

ልጆቹ ሁሉ በእኔ ሳቁ። ከዚያ የጓሮ ጎረቤታችን ልጅ ከበሩ ጥግ «አባይ! ውሸታም ማለት ነው! ጢሱ ዋሽቶታል!» ብላ ጮኸች። የኔታ ጭብጥ ሙሉ የሽምብራ ቆሎ ሰጧት። እኔን ሰፈሩ በሙሉ «ሰም ራስ» እያለ ከረመ።

ተረቱ ሲያልቅ አንድ ልማድ ነበረን። ተማሪው የትም ይድረስ የት፣ ከእኛ አንዱ «ተመለሰ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የኔታም «ተመለሰ፤ እናቱም እግሩን አጠበችው» ይላሉ። ይህን ሳንሰማ ወደ ቤታችን አንሄድም ነበር።

አንድ የክረምት ማታ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ ጥቂት ልጆች ብቻ መጣን። የኔታ ፍሙን በእንጨት ሲቆሰቁሱ ቆዩና ተማሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠሩት። ፈንቴ አሉት። ፈንቴና ጓደኛው ከወሎ ሲመለሱ አባይ ሞልቶ ጠበቃቸው። ጓደኛው «ውኃው ይጉደልና እንሻገር» አለ። ፈንቴ ዋና ይችል ነበር። አኮፋዳውን ራሱ ላይ አስሮ «አንተ ተቀምጠህ ስታዛጋ እኔ ቤቴ ገብቼ እራቴን እበላለሁ» አለና ገባ።

የኔታ መቆስቆሻውን እንጨት መሬት ላይ አስቀመጡ። ያለቀ ስለመሰለኝ እኔ ጠየቅሁ።

«ተመለሰ ወይ?»

«አልተመለሰም።»

ማናችንም አልተነሳንም። ዝናቡን እየሰማን ጠበቅን።

«ይመልሱት እንጂ፣ የኔታ» አልኳቸው።

«ተረት ቢሆን እመልሰው ነበር፣ ይበልጣል።»

እየተነፋረቅሁ በዝናቡ ሮጥሁ። እናቴ ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ «የኔታ ሰው ገደሉ» አልኳት። መጀመሪያ ደነገጠች፤ ነገሩን ስትሰማ ግን ሳቋ አመለጣት። ብዙ ቀን ሳልሄድ ቀረሁ። ኋላ ስሄድ የኔታ ይቅርታም አላሉኝ፣ አላባበሉኝምም፤ እግራቸውን ሰብስበው ከፍሙ አጠገብ ቦታ ለቀቁልኝ። ያኔ የኔታ ጨካኝ ሰው ይመስሉኝ ነበር። መልሰውት ቢሆን ምን ይጎድልባቸዋል እያልኩ እናደድ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ስጨርስ ደብረ ማርቆስ መጣሁና ጎሚስታ ሆንኩ። ጎማ መለጠፊያ ቤቴ ወደ ባሕር ዳር በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። መንገዱ ደኅና በነበረ ጊዜ አገር ጎብኚዎች የጫነ መኪና ጎማው ይተነፍስና እኔ ዘንድ ይቆማል። እኔ የጎማውን ካላማዳሪያ ውኃ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳውን ስፈልግ እነርሱ ወርደው ይንጠራራሉ፤ ሹፌሩ ዛሬ ጢስ አባይ፣ ነገ ጣና፣ ከነገ ወዲያ ጎንደር፣ ከዚያ ላሊበላ እያለ ይዘረዝርልኛል። የኔታ ተማሪውን የላኩበት ቦታ ሁሉ በአንድ ሹፌር አፍ ውስጥ ነበር። እኔ አንዱንም አላየሁም። ነፍቼ እሸኛለሁ።

ሙሉጎጃም በዚህ ታበሽቀኝ ነበር። «የሰው ጎማ እየነፋህ ላሊበላ ትልካለህ፤ እኔን ደጀን እንኳ አላደረስከኝ» ትላለች። ጢስ አባይን ማየት ነበር የምትፈልገው። «መንገዱ ትንሽ ይረጋጋ» እላታለሁ።

እናቷ ታመሙና ልትጠይቅ ቁይ ሄደች። በሄደች በሳምንቱ ጸጥታው ደፈረሰና መንገዱ ተዘጋ። ስልክ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም። እናቷ ዳኑ፤ እርሷ ታመመች አሉኝ። መኪና ለመንኩ፣ የሚሄድ ጠፋ። በእግሬ ልሄድ ተነስቼ ከኬላው መለሱኝ። ከዚያ አንድ ንጋት ላይ የቤቱ በር ተንኳኳ። ሽማግሌዎች ናቸው፤ እንደዚያ ባለ ሰዓት ሽማግሌ ለሌላ ነገር አይመጣም። ጎረቤቴ እትዬ ዘርፌ ከመካከላቸው ወጥተው ማህደርን ከነብርድ ልብሷ አንስተው ወደ ቤታቸው ወሰዷት። እንደተኛች ነው የሄደችው።

ከለቅሶው በኋላ ስትመለስ ቤቱ ገና በሴቶች የተሞላ ነበር። «እማዬስ?» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አንዷ «እማዬ መንገድ ሄዳለች» አለቻት። «የት?» አለች ማህደር።

«ጢስ አባይን ልታይ» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ መመለሻ አጣሁ። ሥራ የለም፤ መንገዱ ዝግ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ባጃጅ ቢመጣ ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ናት። መብራት ሲጠፋ ሻማ አበራለሁ፤ ማህደር ጭኔ ላይ ትወጣና «ዛሬስ የት ደረሰች?» ትለኛለች። ዛሬ ጢስ አባይ ናት ካልኩ ነገ ማንቀሳቀስ አለብኝ። ጣና ላይ በጀልባ አሻገርኳት። ጎንደር ግንቡ ላይ አወጣኋት። ላሊበላ አሳደርኳት። አንድ ቀን ወደ ቤት ብመልሳት በር ከፍቼ ማሳየት ይመጣል፤ ስለዚህ በየማታው ከእኛ አራቅኋት። የኔታ የሰጡኝን አገር ሁሉ ጨረስኩ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር እኔም መቃብሯን አላየሁም። ሻማው እስኪያልቅ ድረስ እየሄደች ነበር።

ደብረ ዳሞ ያወጣኋት ማታ ማህደር በጣም ደስ አላት። ገመዱን እንዴት እንደያዘች፣ እግሯን የት እንዳሳረፈች አስደገመችኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቤት ተቀምጬ ሳለ ማህደር ከእትዬ ዘርፌ ግቢ እየሮጠች መጣች።

«አባዬ! አባዬ! እትዬ ዘርፌ አባትሽ አባይ ነው አሉኝ!»

ፊቷ በርቷል። እጆቿን የቻለችውን ያህል ዘርግታ «ይሄን የሚያክል! አይደል?» አለች።

እትዬ ዘርፌ ከኋላዋ ደረሱ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ቆሙ።

«አምልጦኝ ነው፣ ይበልጣል፤ ማርያምን። ‹እማዬ ደብረ ዳሞ ወጣች› ስትለኝ ጊዜ… ደብረ ዳሞ ሴት መቼ ወጥታ ታውቃለች? ከብቱስ እንኳ ሴት አይገባ!»

ይህን አውቅ ነበር። የኔታ ነግረውናል። ሴት ዶሮ እንኳ አትወጣም ብለውን ስቀን ነበር። ያን ማታ ግን ቦታ አልቆብኝ ረሳሁት።

«ምን አሉ?» አለች ማህደር፤ እኔንም እርሳቸውንም እያየች።

«ምንም አላልኩ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ዘርፌ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እስከ መቼ ነው ግን? ሰው ልጥራና እንደ ወጉ ጠዋት ትረዳ» አሉኝ።

«እኔው ልንገራት» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው በሩን ገርበብ አድርገው ሄዱ።

አልጋው ላይ አስቀመጥኳትና ከፊቷ ቁጢጥ አልኩ። «ሞታለች» የሚለውን ቃል እስከዚያ ቀን በራሴ አፍ ብዬው አላውቅም፤ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

«ማህደር፣ እማዬ ሞታለች» አልኳት።

«ከገመዱ ወድቃ?»

«አይደለም። ደብረ ዳሞ አልሄደችም። ቁይ፣ አያትሽ ቤት ታማ ነው።»

«ላሊበላስ?»

«አልሄደችም።»

«ጀልባውስ?»

«አልተሳፈረችም።»

«ግንቡስ?»

«እሱንም አላየችም።»

«ጢስ አባይስ?»

ሌላውን ሁሉ እኔ ነኝ የወሰድኳት፤ ይቺን ግን ራሷ ፈልጋት ነበር።

«አላየችም» አልኳት።

«እና ምንም አላየችም?»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። እኔም አለቀስኩ። እርሷ ፊት አላለቅስም ብዬ ስንት ጊዜ ጓሮ ስወጣ ከርሜ ነበር።

ስለ የኔታ ላቀው ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ሌላ ሰው ሆኑብኝ። ፈንቴን በአንድ ቃል ሊመልሱት ይችሉ ነበር፤ ማንም አይጠይቃቸውም። እርሳቸው ግን አንድ ሕፃን ፊት «አልተመለሰም» ብለው ንዴቱን፣ ለቅሶውን፣ ኩርፊያውን ሁሉ ቁጭ ብለው ተቀበሉ። ያ ጓደኛው የተባለው፣ ወንዙ ዳር የቀረው፣ ራሳቸው እንደነበሩ የገባኝም አሁን ነው። ከነገሩን አገር ሁሉ ያላየሁት ብዙ ነው፤ ምናልባት አላየውም። የቀረልኝ ያ ዝናብና ፍሙ አጠገብ የለቀቁልኝ ቦታ ነው።

ለቅሶዋ ሲደክማት ማህደር «እዘለኝ» አለች። እናቷ ነበረች የምታዝላት። በእኛ አገር ወንድ ሰው ልጅ ሲያዝል ማንም አይቶ አያውቅም፤ እርሷም ብትሆን ለመታዘል ትልቅ ልጅ ናት። የሙሉጎጃምን ነጠላ ከሚስማሩ አወረድኩ። መጠምጠሙን ስላላወቅኩበት ከበር ወጥቼ እትዬ ዘርፌን ጠራኋቸው፤ መጥተው ማህደርን ጀርባዬ ላይ አድርገው ነጠላውን ደረቴ ላይ አሰሩልኝ። አስፋልቱ ላይ መኪና አልነበረም። ደጅ የተቀመጡት ጎረምሶች አይተውኝ አንዱ ሊስቅ ሲል ሌላው ጎሸመው። ማህደር ጭንቅላቷን ጀርባዬ ላይ አጋደመች። እስከ ኬላው ሄድኩ፣ ዞርኩ፣ ተመልሼም እንደገና ሄድኩ።