የሰንበቴው በሬና የአባቴ አንድነት

ሐምሌ ውስጥ ነው። አርብ ከጁምዓ መልስ ከአባቴ ጋር ሻይ ቤት ቁጭ ብለናል። ሬዲዮኑ የአገሩን ነገር ያወራል... አንዱ ልገንጠል ይላል፣ ሌላው የውጭ መንግሥት ገብቶ ያስማማን ይላል። እኔ ከሚሴ ከተማ የሥነ ዜጋ አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ሲዘጋ ነው ጨፋ ሮቢት አጠገብ ወዳለው ቀያችን የምመጣው። በሙያዬ ገብቼ ላብራራ ጉሮሮዬን ስጠርግ አያ እንድሪስ ቀደመኝ።

አያ እንድሪስ የአባቴ መቀናጆ ነው። አባቴ አንድ በሬ አለው፣ ቡሬ ይባላል። አያ እንድሪስም አንድ አለው፣ ዳለቻ። ሁለቱን ጠምደው አንድ ቀን የኛን መሬት፣ አንድ ቀን የሱን ያርሳሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው... በሬ ሲያረጅ ይቀየራል እንጂ ሰዎቹ ተቀይረው አያውቁም።

«ወላሂ፣ አልስማማም ያለ በሰላም ይሂድ!» አለ አያ እንድሪስ። «በግድ የታሰረ ምን ፍሬ አለው?»

«አገር ሰፌድ ናት እንዴ እየፈታህ የምትሠራት?» አባቴ ስኒውን አስቀመጠ። «አንድ ነን፣ አለቀ! ካልተስማማን ከውጭም ቢሆን ሸምጋይ ይመጣል።»

«የውጭ ሰው? የኔን ጓዳ ፈረንጅ ሊያስተካክልልኝ?»

«ካንተ ይሻላል!»

«እኔ ምን አልኩ? መለያየት መብት ነው ነው ያልኩት!»

«እንግዲያው ከኔም ተለያ! በሬህን ይዘህ ሂድ!»

አያ እንድሪስ እንባው ግጥም አለ፣ ከዚያ ተነስቶ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ዳለቻን ነድቶ፣ ቀንበሩን ተሸክሞ ሄደ፤ ቀንበሩ የሱ ነበር። እኛ ዘንድ ሞፈሩ ብቻ ቀረ።

ነገሩን ልብ በሉልኝ... ለአንድነት ሲሟገት የነበረው አባቴ ገነጠለ፣ ለመገንጠል የተሟገተው ሰውዬ አለቀሰ።

ቅዳሜ ዝናቡ ዘነበ። ጤፍ የሚዘራው ጭቃ ላይ ነው። ያ ጭቃ ካመለጠ የዓመቱ እህል አመለጠ ማለት ነው። እኛም አልዘራንም፣ እነሱም አልዘሩም። አባቴ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ማሳውን ያያል፣ በመሃላችን ካለው ቦይ ማዶ አያ እንድሪስም ቁጭ ብሎ የሱን ያያል።

እናቴ አላስቀምጥ አለችኝ። «ከሚሴ የሰው ልጅ ታስተምራለህ፣ እነዚህን ሁለት ሽማግሌዎች ማስታረቅ አቃተህ?»

ቦዩን ተሻግሬ ሄድኩ። «አያ እንድሪስ፣ አፉ ተባባሉ እንጂ...»

«ሂድ ያለኝ እሱ ነው። ና ይበለኝ፣ በሩጫ እመጣለሁ።»

ተመልሼ ለአባቴ ነገርኩት።

«መብት ነው አላለም? ይኸው መብቱ!»

የተማረ ሰው መቼም መፍትሔ አያጣም። እሁድ ጠዋት ሰንበቴ ገበያ ወረድኩ። እዚያ አብሮኝ የተማረ ልጅ አለ፣ አባቱ ገበሬ ናቸው። ችግሬን ስነግራቸው ትከሻው በር የሚያክል ቀይ በሬ ከነቀንበሩ ለሳምንት አዋሱኝ። «ጎበዝ በሬ ነው፣ አብሽር!» አሉኝ። ቀንበሩን ተሸክሜ፣ በሬውን እየነዳሁ ቤቴ ስገባ ቀኑ መሽቶ ነበር። በራሴ እንዴት እንደኮራሁ!

ሰኞ ጠዋት አባቴ በሬውን ዞር ዞር ብሎ አየው።

«የቀኝ ነው የግራ?»

«ኧ... ጎበዝ ነው ብለውኛል።»

በኛ አገር በሬ ሲገራ ጎኑን ይዞ ነው፤ የቀኝ በሬ ዕድሜውን ሙሉ በቀኝ፣ የግራው በግራ ይጠመዳል። ይህን የአምስት ዓመት ሕፃን ያውቃል። አስተማሪው ግን ሳይጠይቅ መጣ። ቡሬ የቀኝ ስለሆነ እንግዳውን በግራ ጠመድነው።

እንግዳው ሁለት እርምጃ ሄደና ወደለመደው ወደ ቀኝ ይገፋ ጀመር። ቡሬ ደግሞ ቦታውን አልለቅም አለ። ቀንበሩ ተጣመመ፣ ሞፈሩ ተወረወረ፣ አባቴ በግንባሩ ጭቃው ውስጥ ተደፋ።

«ያ ረቢ! አያ ሙሄ!» ከቦዩ ማዶ አባቴን የሚጠራ ጩኸት ሰማሁ። አያ እንድሪስ ሽርጡን ሰብስቦ እየሮጠ ነው። ዳለቻም ማንም ሳይነዳው ከኋላው ይከተላል። እኔ በሬዎቹን ስፈታ እሱ አባቴን አነሳውና በፎጣው ፊቱን ጠረገለት።

«ተጎዳህ?»

«ደህና ነኝ።»

አያ እንድሪስ ቀዩን በሬ አየው። «ይሄ የቀኝ ነው እኮ! ሁለት ቀኝ ባንድ ቀንበር... ማነው ያመጣው?»

አባቴ በጭቃ ጣቱ ወደኔ ጠቆመ። «መምህሩ ነው። ከውጭ ያመጣልን ሸምጋይ ነው።»

መጀመሪያ አያ እንድሪስ ፈነዳ፣ ቀጥሎ አባቴ። ተደጋግፈው እየሳቁ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። እኔ አፈርኩ፣ ግን ደግሞ አብሬ ሳቅኩ።

ሲበርድላቸው አባቴ ቡሬን ያዘና አያ እንድሪስን ሳያይ አጉተመተመ።

«ኮቱ እንግዲህ... ና።»

«ይኸው ጠራኸኝ» አለ አያ እንድሪስ፣ ዳለቻን ወደ ግራ እያስገባ።

ያን ቀን የኛን፣ ማክሰኞ የነሱን ዘራን። የሰንበቴው እንግዳ ግራር ሥር ታስሮ ሣሩን እየጋጠ ይመለከታል። ሁለቱ በሬዎች ዝም ብለው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ለአፍታ ዝም አላሉም!

«መለያየት መብት ነው ብያለሁ አያ ሙሄ!» ይላል አያ እንድሪስ፣ ዘሩን እየበተነ።

«መብት አይደለም ማን አለህ? ግን ከዘር በኋላ!»

ከዘር በኋላ አረም መጣ፣ ከአረም በኋላ አጨዳ፣ ከአጨዳ በኋላ ውቂያ... ውቂያ ደግሞ በሬ ይፈልጋል። ይኸው እስካሁን የሚለያዩበት ጊዜ አጥተዋል።