ድምፅ የምታወፍረው ብሎን

ሸዋ ሮቢት ላይ ቴፕ የሚጠግን ሰው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ሌሎቹ ብልጥ ሆነው ቶሎ ወደ ሞባይል ስለዞሩ ነው። እኔም ዞሬያለሁ። ሱቄ በር ላይ «ቴፕ ይጠገናል» የሚለውን ጽሑፍ ለማጥፋት ግን ስለሰነፍኩ፣ አልፎ አልፎ አንድ ሰው አሮጌ ቴፑን እንደ አራስ ልጅ ጠቅልሎ ይመጣል። የሁሉም በሽታ አንድ ነው፤ የአገራችን ሙቀት። ሚያዝያ ላይ አስፋልት ላይ እንቁላል ብትጥል ባጃጅ ሳይደርስበት ይጠበሳል። በዓይኔ ባላየውም አይቻለሁ ብዬ ብዙ ጊዜ ምያለሁ። በዚህ ሙቀት ቴፑ ውስጥ ያለችው ቀበቶ መሰል የላስቲክ ቺንጋ ትቀልጥና ቅጥራን ትሆናለች። ሞተሩ ብቻውን ያጉረመርማል፣ ካሴቱ ንቅንቅ አይልም።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ያመጡልኝ ቴፕም ያው ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ማሾና ሽንኩርት የሚያመርቱ ሰዎች ሠፈር ነው የሚኖሩት፤ እትዬ ነው የምላቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል።

«ልጄ» አሉኝ ቴፑን ጠረጴዛዬ ላይ አኑረው፣ «እዚህ ውስጥ ያባቷ ድምፅ አለ። ልጅቱ ከጂዳ ልትመጣ ነው። ደርሳ ሳትሰማው እንዳትቀር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ ዓረብ አገር የሄደች ጊዜ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ደብዳቤ የሚላከው በካሴት ነበር። አባት ቴፑ ፊት ቁጭ ብለው ሰላምታውን፣ ዱዓውን፣ የዝናቡን ነገር፣ የላሟን መውለድ ይናገራሉ፤ ካሴቱ ልብስ መሐል ተደብቆ ይሄዳል። ይህኛው ግን ሳይሄድ ቀረ። የሚወስደው ሰው ሳይሰናበት ተሳፈረ። አባትየውም ሌላ ወሳጅ ሲጠብቁ፣ ሞባይል ቀበሌያቸው ሳይደርስ፣ ሞቱ። ልጅቱ ወረቀት ስላልነበራት ለቀብር እንኳ አልመጣችም። ስለዚህ ካሴቱ ለሷ የተነገረ፣ እሷ ግን ያልሰማችው ነገር ነው።

አባትየውን አውቃቸው ነበር። በገበያ ቀን የራዲዮ ድንጋይ ከኔ ነበር የሚገዙት። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤ ቀጭን ስል እንደ ሌላ ሰው ቀጭን አይደለም። ገበያ መሐል አህያቸውን ሲጠሩ እስከ ካራቆሬ ከተማ ድረስ ያለ አህያ ጆሮውን ያቆማል። ችኩልም ነበሩ፤ አንዱን ነገር ሳይጨርሱ ሌላውን ይጀምሩታል።

አሁን ቴፕ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ልንገር፣ አለዚያ ጥፋቴ አይገባም። ካሴት ሲዞር የምናያቸው ሁለቱ ጥርሳም መዘውሮች የሥራው ባለቤት ይመስላሉ። አይደሉም። እነሱ የሰርግ ቤት አሳላፊ ናቸው፤ አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ክሩን በልኩ የሚስበው ከወስፌ የማይወፍር ብረትና እሱ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ የጎማ መንኮራኩር ነው፤ ሁለቱ ክሩን መሐላቸው ነክሰው ይጎትቱታል። ከብረቱ ሥር ከባድ ክብ ብረት አለ። ሞተሩ ቢደነባበር እንኳ እሱ በክብደቱ ረጋ ብሎ ስለሚዞር ድምፁ አይርገበገብም። ከሞተሩ ጋር የምታገናኘው ቺንጋዋ ናት። ሞተሩ ጀርባ ላይ ደግሞ አንዲት ቀዳዳ፣ በቀዳዳዋ ውስጥ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ብሎን አለች። ወደ አንድ በኩል ብታዞራት ሞተሩ ይፈጥናል፣ ኮርማው ጫጩት ይሆናል። ወደ ሌላው ብታዞራት ይዘገያል፣ ጫጩቱ ኮርማ ይሆናል።

ልኩን የማገኘው በአንድ የዘፈን ካሴት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለሰማሁት፣ ተኝቼ እንኳ ቢዛነፍ ከእንቅልፌ እነቃለሁ። የእትዬን ቴፕ ቺንጋ ከቀየርኩ በኋላ ያንን ካሴት አስገብቼ ብሎኗን አስተካከልኩ። ልክ ነበረ። ከዚያ የሳቸውን ካሴት ከተትኩና ተጫንኩት። አባትየው እንደ ድሮው እየተጣደፉ፣ እንደ ድሮው ጆሮ እየበሱ፣ «አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ፣ እኛ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡም ደህና» አሉ።

እትዬ ፊታቸው ጨፈገገ።

«ይሄ ማነው?»

«እሳቸው ናቸው እንጂ፣ እትዬ።»

«አይደለም። እሱ እንዲህ አይንጫጫም።»

እዚህ ላይ «እትዬ፣ ዘመኑ ረዝሞ ጆሮዎ ረስቶት ነው» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የከፋው ሰው ፊት መቀመጥ አልችልም፤ በሽታዬ ነው።

«ይህን ሁሉ ዓመት ሳይበሉ ሳይጠጡ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው እንዴት አይቅጠኑ» አልኳቸው። «ይቆዩ፣ ትንሽ እናደልባቸው።»

ሳቁ። እኔም የሞተሩን ፍጥነት እንደምቀንስ ሳልነግራቸው ካቻቢቴዬን ቀዳዳዋ ውስጥ ከትቼ አዞርኩ።

«ትንሽ ጨምር» አሉ። ጨመርኩ። «ትንሽ።» ጨመርኩ። «እዚያ ላይ ተው። ተው፣ አትንካው።»

ከቴፑ የሚወጣው ድምፅ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ እንደ መስጊድ ዓሊም ቃሉን እየመዘነ የሚናገር ሰው ሆነ። እኔ ያንን ሰው በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። እትዬ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው እስኪያልቅ ሰሙት።

«እጅህን አላህ ይባርከው» ብለውኝ ሄዱ።

ያን ቀን ከሰዓት ሻይ ቤት ገብቼ «ዛሬ አንድ ሟች ሃያ ኪሎ አወፈርኩ» ብዬ ሠፈሩን ሁሉ አሳቅኩ። እውነት ለመናገር ሃያ ኪሎ አይሞላም። ሳምንት ሳይሞላ እትዬ በባጃጅ ፓፓያ ላኩልኝ። ከዚያ ማንጎ። ባጃጅ ነጂው «ምን አድርገህላቸው ነው፣ በያንዳንዱ ሶላት ያነሱሃል አሉ» አለኝ። የያዝኩትን ማንጎ ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። ክር ስለበዛበት ነው ብዬ አሳበብኩ፤ ከዚያ በኋላ የላኩትን ፓፓያ ግን ለጎረቤት ሰጠሁ። ሄጄ ላስተካክለው ብዬ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ሻይ ቤት ቀረሁ።

ልጅቱ መጣች። እትዬም «ድምፁን ያመጣልን እሱ ነው፣ አብሮን ይስማ» ብለው አስጠሩኝ። ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ደጅ ካለው ዳስ ሥር ተቀመጥን፤ እትዬ፣ ልጅቱ፣ እኔና ቴፑ። ልጅቱ ዕድሜዋ ወደ እኔ የሚጠጋ ሴት ናት። ሻይ ቀዱልኝ። እትዬ ራሳቸው ተጫኑት።

ወፍራሙ ሰው መናገር ጀመረ። ልጅቱ ወደ ቴፑ ጎንበስ አለች፣ ከዚያ ቀና ብላ እናቷን አየች።

«ማነው ይሄ፣ እማ?»

«አባትሽ ነዋ።»

«ሽማግሌ መስሎኝ። የመስጊዱ።»

«አባትሽ ነው እኮ ነው የምልሽ። ስምሽን እየጠራ አይደለም?»

ስሟን እየጠሩ ነበር። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ሲያልቅ እናቷ ወደ ኋላ መለሱትና እንደገና ሰማች። እኔ ብርጭቆው ውስጥ ያለውን የሻይ ቅጠል እያጠናሁ «ካሴትም እንደ ሰው ያረጃል» ምናምን አልኩ። 

«ረሳሁት» አለች ልጅቱ። «የሰው ልጅ እያሳደግሁ፣ የሰው ቋንቋ እያወራሁ፣ ያባቴን ድምፅ ረሳሁት። ማታ ማታ ሳስበው የነበረው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው።»

እናቷ ትከሻዋን ያዙ። «ጊዜው ነው ልጄ፤ አንቺ ምን ታደርጊ።»

«አንዴ ድገሚልኝ» አለች። እየሰማች በከንፈሯ ትከተለው ጀመር፤ በዚያ በወፍራሙ፣ በዝግታው። «እንዲህ ነበር በቃ» አለች ለራሷ። «እንዲህ ነበር የሚለኝ።»

ማልቀሷን እችለው ነበር። ያ መለማመዷ ነው ያላስቻለኝ። እኔ ሱቄ ውስጥ ለሳቅ የሠራሁትን ሰውዬ ልጅቱ አባቷ አድርጋ እየሸመደደች ነበር።

«እህቴ፣ አልረሳሽም» አልኩ። «አንቺ ጋ ያለው ነው ልኩ። ይሄ የኔ ሥራ ነው። እትዬ ሲከፋቸው ሞተሩን አዘገየሁትና ወፈረ።»

እትዬ ዞረው አዩኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የሚያዩኝ ግን ሰው ያልገባውን ነገር ድገምልኝ ሲል እንደሚያየው ነው። የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ያለውን ካቻቢቴ ታግዬ አወጣሁ። የቴፑን ጀርባ ከፈትኩ። ብሎኗን ወደ ቦታዋ መለስኳትና ካሴቱን ከመጀመሪያው አስጀመርኩት።

«አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ፣ እኛ ደህና፣ ከብቱ ደህና» አሉ አባትየው፣ እየተጣደፉ።

ልጅቱ እየሳቀች አለቀሰች። «ለሶላት ሲቀሰቅሰኝ» አለች። «እንዲህ አድርጎ ነው ጆሮዬ ሥር። እማ፣ እሱ እኮ ነው።» ስልኳን አውጥታ መቅዳት ጀመረች። እትዬ ግን ተነስተው ሻይ ላምጣ ብለው ገቡ። ሻዩ እኮ ማንቆርቆሪያው ውስጥ አለ፣ አጠገባችን።

ልጅቱ ወደ ጂዳ ከተመለሰች በኋላ፣ ሳልጠራ ሄድኩ። እትዬ ሰፌድ ላይ ማሾ እየለቀሙ ነበር። ቴፑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ጨርቅ ለብሷል።

«እትዬ» አልኩ፣ «እሷ የሷን በስልኳ ይዛ ሄዳለች። ከፈለጉ ወደ ወፍራሙ ልመልስልዎት። ደቂቃ አይፈጅም።»

ከማሾው ውስጥ ጠጠር አውጥተው ወረወሩ።

«ልጆቹን ሲያዝ፣ ከብት ሲጠራ፣ አዎ፣ እንደዚያ ይንጫጫ ነበር» አሉ። «ለኔ ሲያወራ ግን አይቸኩልም። እሷ ያንን ከየት ታውቀዋለች፣ አንተስ ብትሆን? ያን ቀን ሱቅህ ውስጥ ስሰማው እኔን የሚያናግርበት ድምፅ ነው የመሰለኝ።»

«እንግዲያው ልመልሰው።»

«አሁንማ ብትመልሰውም የምሰማው ያንተን እጅ ነው» አሉ። «ያኔ ሳትነግረኝ አዞርከው፣ አሁን ነግረኸኝ ልታዞረው። ተወው፣ ልጄ።»

ከዚያ ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። ጎናቸው ቁጭ ብዬ ጠጠር ለቀምኩ።