ከኮርኒሱ በላይ

ትናንት ከልጄ ጋር የልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ስንወጣ አንዲት ትልቅ የእሳት እራት ግድግዳው ላይ ተለጥፋ አየሁ። ክንፎቿ ላይ ሁለት ዓይን የመሰሉ ክቦች አሉ። ልቤ ድንግጥ አለ።

በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ የሳይንስ አስተማሪያችን ወንዝ ዳር ወስዶን እንዲህ ያለች ይዤ ነበር። እሱም ስሟን አላወቀውም። በጠመኔ ካርቶን ከትቼ ጌጃ ሰፈር ቤታችን እየሮጥኩ ገባሁ።

«አባዬ፣ ኮርኒሱ ላይ የደበቅከውን ባለሥዕሉን መጽሐፍ አውርድልኝ! ስሟን ልፈልግ!»

ለካ የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ጥግ ተቀምጧል። ጥበቃው ቀስ ብሎ ወደ ኮርኒሱ ቀና አለ።

«ልጅ ናት፣ የማትለው የላትም» ብሎ አባዬ ሳቀ። ካርቶኑን ከፍቶ በመስኮት ለቀቃት። «ሂጂ፣ ስምሽን ማንም አይወቀው» አላት።

ሰውየው እንደወጣ ኮርኒሱ ላይ የደበቃቸውን የተከለከሉ መጽሐፎች ሁሉ አውርዶ ጓሮ አቃጠላቸው፤ ባለሥዕሉንም ጭምር። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ደረጃው ላይ ልጄ ስልኳን አወጣች። «እማዬ፣ ፎቶ ላንሳትና ስልኬ ስሟን ይንገረን።»

«ተያት!» ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ከኋላችን የሰማ ሰው እንዳለ ለማየት ዞር አልኩ።