ከግራ የጀመርኩት ቀመር

ሰኞ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ከሩብ ላይ ካርቱም ሁለት ከሚባለው ሰፈር ወዳለችው የማጠናከሪያ ክፍል ስገባ ቦርዱ ሞልቶ ነበር። የዓባይ ድልድይ ላይ መንገድ ተዘግቶ ስለዘገየሁ መምህሩ ሲጽፍ አላየሁም። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፤ እዚህ ግን አልለውም።

እዚያው ካርቱም ያደገ የአገራችን ሰው ነው። የአንደኛ ዓመት ሒሳብ የወደቅን ሐበሾችን ለድጋሚ ፈተናው በዐረብኛ ያዘጋጀን ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምረው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ድጋሚውን ከወደቅኩ ዩኒቨርሲቲው ያሰናብተኛል። አክስቴ ካፉሪ ሰፈር ውስጥ ከምትሠራበት ቪላ አጠገብ ሠራተኛ ይፈለጋል፤ «ካልሆነልሽ ያው አለ» ብላኛለች፤ ስታስመዘግበኝ ለመምህሩም ነግራዋለች።

የዕለቱ ትምህርት የክፍልፋይ ዴሪቬቲቭ ነበር፤ ከላይም ከታችም ያለው ሲለዋወጥ ውጤቱ በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ ማግኘት። ቀመሩን ከቦርዱ ላይ ቶሎ ብዬ አገር ቤት ወደለመድኩት የላቲን ፊደል መለስኩት።

«ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ የዘገየሽው፣ ውጪና ሥሪ።»

ጥያቄው ከሱቅ ዐረቢ ገበያ የተነሣ ሐፍላ፣ ማለት ሚኒባስ፣ በሆነ ደቂቃ ላይ ምን ያህል ይፈጥናል የሚል ነበር። ሠራሁት። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ወጣበት። እንደገና ሠራሁት። ያው።

«ወላሂ፣ ይቺ ሐፍላውን ወደኋላ ነው የምትነዳው!»

«ረዳቱን ረስታው ይሆናላ፣ ኡስታዝ!» አለ ከኋላ አንዱ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም አብሮ ሳቀ። ጠመኔውን ቦርዱ ሥር አስቀመጥኩት።

«አክስትሽ ጋ ዕቃ ብታጥቢ ይሻልሻል» አለኝ። «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትሠሪዋለሽ። አለዚያ ኸላስ፣ በቃ፣ እዚህ እንዳላይሽ።»

ወደ ቤት ስመለስ ሁሉንም ጠላሁ፤ እሱን፣ የሳቁትን፣ ያንን የማይረባ ሐፍላ፣ የተሳፈርኩበትን ጭምር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የዐረብኛ ጋዜጣ አወጣና እኔ የመጨረሻ ገጽ ከምለው በኩል ገልጦ ማንበብ ጀመረ። ያን ጊዜ ገባኝ። በዐረብኛ ቀመሩም የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። እኔ ከግራ ጀምሬ ተቀናሹን ከፊት አድርጌዋለሁ፤ የመቀነስ ምልክቱ የመጣው ከዚህ ነው። እስከዚያ ቀን የተማርናቸው ቀመሮች መደመርና ማባዛት ብቻ ስለነበሩ ከየትም ቢጀመሩ ቅር አይላቸውም ነበር።

ደስ አላለኝም። ይልቁንም ይበልጥ ተናደድኩ። ከዚያ ክፍል ተማሪዎች አገር ቤት ተምሬ የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህንንም ያውቃል።

በማግሥቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። መምህሩ ቦርዱን እየጠረገ ነበር።

«መጣሽ?»

ሰላምታ እንኳ ሳልሰጠው ጠመኔ አነሣሁና ከቦርዱ ቀኝ ጠርዝ ጀመርኩ። ሐፍላው ወደፊት ሄደ።

«ማን ሠራልሽ?»

«ማንም። ከቀኝ እንደሚነበብ አልነገሩኝም።»

«ይሄ ደሞ ይነገራል እንዴ?»

«ለእኔ፣ አዎ» አልኩ።

ቦርዱን አየ፣ እኔን አላየኝም። «ያላ፣ ተቀመጪ» አለ።

አላመሰገንኩትም። ከኋላ ጥግ ያለውን የዘወትር ቦታዬን ትቼ ፊት ለፊቱ፣ አፍንጫው ሥር ተቀመጥኩ፤ ሲጽፍ እጁ ከየት እንደሚነሣ እንዳያመልጠኝ።