መዝጊያውን ማንኳኳት

ጆሮው የማይሰማ ሰው ሌላውን ይዞ ገደል አይወጣም። ይህንን ሕፃንም ያውቀዋል። ከሁለቱ ወንድማማቾች ታላቅየውም ያውቅ ነበር፤ አውቆ ግን ዝም አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ!

በወጣትነቱ ዘጠኝ ዓመት ድንጋይ በሚፈለጥበት ካባ፣ ጆሮ የሚበሳ የድንጋይ መብሻ ድሪል ይዞ ሲንቀጠቀጥ ነው የኖረው። ካባውን ሲተው ጆሮውን እዚያው ትቶት መጣ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የቀኙ ደከመ፣ ከዚያ የግራው ተከተለ። እሱ ደግሞ ከታናሽ ወንድሙ ጋር፣ በረሃው መሀል ያለውን ቀይ ገደል በገመድ ለሚወጡ እንግዶች መሪ ሆኖ ነበር።

የገደሉ ወገብ ላይ የበር መዝጊያ የሚያክል ስስ ድንጋይ ተለጥፏል። የሁሉም ሰው መያዣ እሱው ነው፤ ስሙንም መዝጊያው ብለውታል። ከሥሩ ተሰንጥቋልና አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም። ስለዚህ በየሰኞው፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ ወንድማማቾቹ ብቻቸውን ወጥተው ይፈትሹታል። ታላቅየው በጡጫው ሦስቴ ያንኳኳል። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ይዘውት ያልፋሉ፤ እንደ ባዶ ጋን ከጮኸ በቀኝ ባለው አድካሚ ስንጥቅ ይዞራሉ።

ታዲያ የማይሰማው ሰው እንዴት ለየ? አንኳኩቶ ዞር ይልና፣ ከታች ገመዱን የያዘለትን የወንድሙን አፍ ያያል። ታናሽየው ሁልጊዜ "ድፍን ነው ጋሼ!" ወይም "ባዶ ነው፣ ዙር!" ብሎ ይጮሃል። ከንፈሩን እያነበበ ሦስት ዓመት አለፈ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ግን ይሉኝታ መች ያስተነፍሳል! "ደንቆሮው መሪ" ከመባል፣ ገመዱን ለታናሹ አስረክቦ ቤት ከመዋል ሞት የሚሻል መሰለው። ሞትን የት አውቆት!

የዚያን ሰኞ ነፋሱ አሸዋ ይበትናል። ታናሽየው ከመዝጊያው በታች፣ ጠባብ ጠርዝ ላይ፣ በአጭር ገመድ ከገደሉ ግድግዳ ጋር ታስሮ ቆሟል። አሸዋው ሲያስቸግረው አፍና አፍንጫውን በሻርፕ ጠቅልሏል። ታላቅየው አንኳኳ። ዞር ብሎ ሲያይ አፍ የለም፣ ጨርቅ ብቻ። "ምን አልክ?" ማለት ምን ነበረበት? አፈረ፤ አልጠየቀም። ወንድሙ እጁን ከፍ አደረገ። በእነሱ ሥራ እጅ ማንሳት "ገመዱ ዝግጁ ነው፣ ቀጥል" ማለት ነው። ቀጠለ። መዝጊያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ሰውነቱን ጣለበት።

ድንጋዩ ከነሥሩ ተነቅሎ ቁልቁል ወረደ። እሱን ገመዱ ሲወጠር በራሱ የሚቆለፈው ብረት ያዘው፤ ተንጠልጥሎ ቀረ። ወንድሙ ግን የታሰረ ነው፤ ወዴት ይሽሽ?

ከቀብሩ በኋላ ለሁለት ሳምንት ከሳሎኑ ጥግ አልተነሳም። ለቀስተኞች "ያጽናህ" ሲሉት አንገቱን ይነቀንቃል፤ ምን እንዳሉት አያውቅም፤ ማወቅም አይፈልግም። ቤቱ ጭር ያለ ቀን ግን እናቱን ጠራትና አፈረጠው።

"እማዬ፣ ልጅሽን የገደልኩት እኔ ነኝ። አልሰማም እኮ። ድሮ ነው መስማት ያቆምኩት።"

እናቱ አልደነገጠችም። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ጉልበቱን ነካ አድርጋ ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

"እናውቅ ነበር።"

"ማን?"

"እኔም እሱም። 'ልንገረው' ስለው፣ 'ተይው እማዬ፣ ጋሼ ይሰበራል፤ እኔ እሰማለታለሁ' አለኝ።"

ወንድሙ እጁን ለምን እንዳነሳ ያኔ ገባው። ቢጮህም እንደማይሰማው ስለሚያውቅ ነው፤ ለ"ቁም" የተስማሙበት ምልክት ስላልነበራቸው እጁን አንስቶ ቁም ሲለው ነው። ስለ ጆሮው አንድ ቀን ተነጋግረው ቢሆን ኖሮ አንዲት ምልክት አያጡም ነበር። አንዱ ሌላውን ሲያፍር፣ ሌላው ለአንዱ ሲሳሳ፣ ሳይነጋገሩ ቀሩ።

እናቱ ጉልበቱን እንደያዘች ሌላም ነገር ተናገረች። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኗል።